ይርጋነሽ በሩን የዘጋችበት ኅዳር

ይርጋነሽ በርጩማዋን አውጥታ ደጃፏ ላይ መቀመጥ ከጀመረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ዱላዋን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ መንገዱን ታያለች። ቢቸና ውስጥ በእሷ እጅ ያልተወለደ ልጅ ጥቂት ነውና በደጇ የሚያልፈው ሁሉ ጎንበስ ብሎ "እንዴት አደሩ እመይቴ" ይላታል። በሌላ ጊዜ ቢሆን የልጁን ጥርስ፣ የሚስቱን ወገብ፣ የላሚቱን ጡት ሳይቀር ትጠይቀው ነበር። በዚያ ሰሞን ግን "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እለፍ" ነው መልሷ። "እለፍ" የምትለውም ሰውየው ሰላምታውን ሳይጨርስ ነው።

ከኋላዋ በተዘጋው በር ውስጥ ልጇ ሰብለ ወንጌል ተኝታለች። ሰብለ የሞጣ ሰው አግብታ እዚያው ሞጣ ነበር የምትኖረው። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳልና፣ ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ ባሏ ከፋለ በበቅሎ አስቀምጦ ሁለት ቀን ተጉዞ አመጣት፤ አጨዳ ስለ ደረሰበትም በማግሥቱ ተመለሰ። ይርጋነሽ ከወለደቻቸው አምስት ልጆች የቀረችላት እሷ ብቻ ናት።

ዘመኑ 1950 ዓ.ም. ኅዳር ነው። ይርጋነሽ ያን በር የምትጠብቀው ከማን እንደሆነ ሰው ቢጠይቃት መልሷ አጭር ነበር፦ ከሁሉም።

ሰውን መጠርጠር የጀመረችው በልጅነቷ ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን ሲያዳርስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ውስጥ ሁለት ሰው ባንድ ቀን ተኛ፤ አንዷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አያቷ፣ ሌላዋ እናቷ ወለተ ገብርኤል። እናቷ ውሃ የሞላ እንስራ ያለ አጋዥ ከመሬት አንስታ የምትሸከም፣ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች። ሰው ሁሉ የሰጋው ለአሮጊቷ ነበር፤ መግነዛቸው እንኳ ተዘጋጅቶ ነበር። በአራተኛው ቀን ግን ለአያቷ የተዘጋጀው መግነዝ ለእናቷ ሆነ። አያቷ በሳምንቱ ቀና አሉና "ሽሮ የለም ወይ?" ብለው ጠየቁ።

ትንሿ ይርጋነሽ "እማዬ ለምን ሞተች? እማማስ ለምን ዳኑ?" እያለች በየሰዉ ቀሚስ ተንጠለጠለች። በመጨረሻ አንዲት የጎረቤት ሴት ጎንበስ ብላ በጆሮዋ "ሸክላ ሠሪዋ አይታት ነው። በዋዜማው በደጃችሁ አልፋለች" አለቻት። ለልጅቷ ከዚያ ሌላ መልስ የሰጣት አልነበረም፤ የተሰጣትን ይዛ አደገች።

ሃያ ዓመት ሲሞላት ከአክስቷ ጋር እየዞረች ማዋለድ ለመደች። እጇ እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው ይሏታል፤ ዓይኗ ግን ሌላ ነው። ምጥ ቤት ስትገባ አስቀድማ የምታየው ምጥ የያዛትን ሳይሆን ዙሪያዋን የተቀመጡትን ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን የሴትዮዋን ሆድ ሁለቴ አየ፤ ሁሉንም ትይዛለች። ከሃያ ዓመት በኋላ "የእገሊት ልጅ ሲወለድ በስተግራ በኩል ማን ተቀምጣ ነበር?" ቢሏት ሳትሳሳት ትመልሳለች።

የ1950ው ሳል በጥቅምት ገባ። በሞጣ መንገድ ነጋዴ አመጣው ያሉ ነበሩ፤ ወታደር ነው ያሉም ነበሩ። ትኩሳቱ ሰውን አምስት ቀን ያነድደዋል፣ አጥንቱን ይከታትፈዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል። የየኔታ ተማሪዎች ባንድ ጊዜ ሲስሉ ዜማው ተቋርጦ ሰው በሳቅ ሞተ ተባለ። "ጉንፋን ነው፣ ምን ይሁን!" ይላል ሁሉም።

ከዚያ ፈንታነሽ ሞተች። ከገበያው ጀርባ የምትኖር፣ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። ባሏ ታሟል፣ ሦስቱ ልጆቿ ታመዋል፣ አማቷ ታመዋል፤ ሁሉም ተነሥተዋል። ይርጋነሽ አጠገቧ ነበረች። ፈንታነሽ ዳገት እንደ ሮጠ ሰው እያለከለከች፣ መተኛት አቅቷት፣ ከንፈሯ እንደ በሰለ የዱር እንጆሪ ጠቁሮ ነው ነፍሷ የወጣችው። በሳምንቱ ደግሞ በደብረ ወርቅ መንገድ ያለች ሌላ ነፍሰ ጡር እንደዚያው ሆና ሄደች።

የይርጋነሽ የልጅነት ቁስል አፉን ከፈተ። ቤት ሙሉ ሰው ታሞ ነፍሰ ጡሯን ብቻ ነጥሎ የሚወስድ ምን ዓይነት ጉንፋን ነው? የሚመርጥ ሰው ቢኖርበት ነው እንጂ! ሁለቱን ቤቶች በልቧ ስትበረብር ሁለቱም ውስጥ አዲስ ሸክላ አገኘች። የማናለሽ ሸክላ ነው።

ማናለሽ ከወንዙ በላይ ካለው ተረተር ሥር ብቻዋን የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። ሰዉ ድስቷን ይወዳል፣ ዓይኗን ይፈራል። የቢቸና ቤት እኩሌታው በእሷ ማሰሮ እንደሚያበስል ይርጋነሽ ያን ጊዜ ትዝ አላላትም። ማናለሽ ራሷ በዚያው ሳል ዘጠኝ ቀን ወድቃ፣ ውሃ የሚያቀብላት አጥታ፣ በጉልበቷ እየዳኸች ወንዝ ድረስ መውረዷንም ሰምታ ነበር፤ "አስመስላ ነው" ብላ አለፈችው።

እንግዲህ በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ማናለሽ ድስት ታቅፋ አጥሩ ሥር ቆመች።

"ይርጋነሽ! አለሽ?"

"ከዚያው ሆነሽ ተናገሪ!"

"ምን አደረግሁሽ? የአራስ ድስትሽን ነው ያመጣሁ። ለመስቀል ያዘዝሽኝን፣ ለገንፎ የሚሆነውን።"

"አሁን አልፈልገውም።"

"አልፈልገውም? ታምሜ እየተንቀጠቀጥሁ የተኮስሁትን?"

"አስቀምጪው በቃ። እዚያ። ራቅ አድርገሽ።"

ማናለሽ ድስቱን አስቀመጠችና ወደ በሩ አየች። "ሰብልዬ መጣች አሉ። ደኅና ናት?"

"ማን ነገረሽ?"

"በቅሎዋ በደጄ አለፈች። በቅሎን የሚያህል ነገር ደብቀሽ ልታስገቢ ኖሯል?"

"ዓይንሽን ከበሬ ላይ አንሺ አልሁሽ!"

"እሺ፣ የት ላድርገው? አውጥቼ መቀነቴ ውስጥ ልቋጥረው?" አለችና ማናለሽ ፊቷን አዙራ ሄደች። ስትሄድ ጀርባዋ ቀጥ ያለ ነበር።

ይርጋነሽ ከዓይኗ እስክትሰወር ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ ድስቱን በዱላዋ አንድ ጊዜ መታችው።

"እናቴ፣ ምንድን ነው የተሰበረው?" አለች ሰብለ ከውስጥ።

"ምንም አይደል። ድመት ናት።"

ድመት በቤታቸው አልነበረችም።

አሁን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ይህ ነው። ይርጋነሽ በሩን በሰው ሁሉ ላይ ዘግታለች፤ በራሷ ላይ ግን አልዘጋችም። ምጥ አይጠብቅምና ከጠሯት ትሄዳለች። በእነዚያው ቀናት አማቲቱ እየሳሉ የምራታቸውን ወገብ የሚደግፉበት ቤት ገብታ አዋልዳለች፤ በትኩሳት የሚነድድ ሕፃን ታቅፋ አስተኝታለች። ስትወጣ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ታስራለች፤ ስትመለስ ከፍታ ትገባለች። በገባችበት እጇ እንጀራ ጠቅልላ ለልጇ ታጎርሳለች። በአንድ መደብ፣ በአንድ ቡሉኮ ሥር፣ ትንፋሿ በልጇ ማጅራት ላይ እያረፈ ታድራለች። ጉሮሮዋን ሲበላት ከቤቱ ጀርባ ዞራ ነበር የምትስለው።

"ምን ሆንሽ እናቴ?"

"የውቂያ ብናኝ ነው። ጤፉ እኮ እየተወቃ ነው።"

ኅዳር አሥራ ሁለት ደረሰ። በዚያን ዕለት ሰው ሁሉ ጠራርጎ ቆሻሻውን ደጅ ያጨሳል፤ የዚያ የጥንቱ በሽታ መታሰቢያ ነው። ይርጋነሽ እሳቱን ደጅ ማንደድ አልበቃት አለ። ፍሙን በገል አድርጋ ወደ ቤት አስገባች፣ ቅጠሉንም ጨርቁንም ጨመረችበት፣ በሩን ዘጋች። ሰብለ ስትስል፣ ዓይኗ ሲያለቅስ፣ "ይውጣ፣ ይውጣልሽ" እያለች ጀርባዋን ታሻት ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ የሰብለ ግንባር እንደ ምጣድ ይፋጅ ነበር።

ይርጋነሽ እንደ እብድ ቤቱን ፈተሸችው። የውሃውን እንስራ ክዳን አየች፤ ራሷ ነበር የቀዳችው። ሌማቱን ከፈተች፤ ራሷ ነበር የጋገረችው። የጣራውን ሣር፣ የግድግዳውን ስንጥቅ ሳይቀር ዳሰሰች። ማንም አልገባም። ያኔ ከደጅ የቀረው የድስቱ ስብርባሪ ትዝ አላትና በነጠላዋ ጫፍ እንጂ በእጇ ሳትነካው ሰብስባ ወደ ተረተሩ ወሰደችው። ገደል ልትጥለው ስትል ማናለሽ ጭቃ ስትቆፍር አገኘቻት።

ማናለሽ ገሉን አየች፤ የእጇን ሥራ ታውቃለች። "ሰበርሽው?"

"ልጄን አሳመምሽብኝ!"

"ሰብለ ታመመች?" ዶማዋን ጣለችው። "መቼ?"

"አንቺ ታውቂያለሽ መቼ እንደሆነ!"

ማናለሽ ከጉድጓዱ ወጣች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ስሚኝ ይርጋነሽ። በርሽን በእኔ ላይ ዘግተሻል። በመንገደኛው ላይ ዘግተሻል። ጠበል ይዘው በመጡት ቄስ ላይ እንኳ ዘግተሻል አሉ። እሺ፣ እኔ ካልገባሁ፣ ሳሉን ማን አስገባው?"

ይርጋነሽ ልትመልስ አፏን ከፈተች። የመጣው ግን ሳል ነው። ሦስት ቀን አፍና የያዘችው ሳል ባንድ ጊዜ ወጣ፤ ጎንበስ አደረጋት፣ መሬት ላይ አስቀመጣት። ገሉ ከነጠላዋ እየተንሸራተተ ተበተነ።

ከዚያ ይርጋነሽ ተነሥታ የሄደችው በከተማው ወዳለው ክሊኒክ ነው። እዚያ ጎንደር ሕክምና ተምሮ የመጣ ደምለው የሚባል ወጣት ነበር። ይርጋነሽ እሱንም ትጠረጥረው ነበር። ባለፈው ወር አዋላጆችን ሰብስቦ "የምትስል ነፍሰ ጡር ካያችሁ ንገሩኝ" ሲል "ሚስት የሌለው ጎረምሳ የነፍሰ ጡር ስም ምን ያደርግለታል?" ብላ ትታው ወጥታ ነበር። አሁን ግን እጁን ይዛ ጎተተችው።

ደምለው ቤቱ ሲደርስ ሰብለን ከማየቱ በፊት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

"በሩን ተው!"

"እመይቴ፣ ልጅዎን የቸገራት አየር ነው።"

ማዳመጫውን በጀርባዋ እያዟዟረ ብዙ ቆየ። ከዚያ መርፌውን አዘጋጀ። ይርጋነሽ ክንዱን ያዘችው።

"አስቀድመህ አንተ ተወጋ።"

"እኔ ብወጋ ለእሷ አይተርፍም። የቀረኝ ይህችው ናት።"

ብልቃጡን ተቀበለችው፣ ወደ ብርሃን አቅንታ አየችው፣ አሸተተችው። ሰብለ ከመደቡ ላይ በተቆራረጠ ትንፋሽ "እናቴ፣ ልቀቂው" አለች። ለቀቀችው።

"ይህ መርፌ ሳሉን ራሱን አይገድለውም" አለ ደምለው እጁን እየታጠበ። "ሳሉን ተከትሎ ሳንባ ውስጥ የገባውን ምች ነው የሚመታው። የቀረውን የምትታገለው እሷ ናት።"

ይርጋነሽ ደጃፉ ላይ ተደግፋ ቆመች። የጠየቀችው ያንኑ የዘጠኝ ዓመቷን ጥያቄ ነው። "ለምን ነፍሰ ጡሮቹን? አያቴን ትቶ እናቴን የወሰደው ለምንድን ነው?"

ደምለው ወደ እሷ ዞረ። "ልጅ የማን ነው እመይቴ?"

"የእግዚአብሔር።"

"አሜን። ከእሱ ቀጥሎስ?"

"የእናትና የአባቱ።"

"ስለዚህ እኩሌታው ለእናቲቱ ሥጋ ባዕድ ነው። ሰውነታችን ደግሞ እንደ እርስዎ ነው፤ ደጃፉ ላይ ዱላ ይዞ የሚቀመጥ ዘበኛ አለው። ባዕድ ነገር ሲያይ ይመታል። ሴት ስታረግዝ ግን ያ ዘበኛ ልጁን እንዳይመታው ዱላውን ዝቅ ያደርጋል። ለልጁ ሲል ነው። ታዲያ ይህን የመሰለ ሳል ሲመጣ፣ ዘበኛው ወዳጅና ጠላት እስኪለይ ድረስ ሳሉ ዘልቆ ይገባል። አንዳንዴ ደግሞ ዘግይቶ ይነቃና እዚያው ቤት ውስጥ ዱላውን ያወናጭፈዋል፤ የገዛ ዕቃውን ይሰባብራል። በዚያ ላይ ሆዷ ሳንባዋን ወደ ላይ ገፍቶታል፣ ልቧ ለሁለት ይሠራል።"

ይርጋነሽ ነጠላዋ ላይ ተጣብቆ የቀረውን የገል ብናኝ አየች። "ይህን ማን አየ?"

"ሙሉውን ያየ የለም። ዋናዎቹ ሐኪሞችም ገና ይከራከሩበታል። ነፍሰ ጡሮች በዚህ ሳል ከሌላው ይልቅ እንደሚጎዱ ግን በየአገሩ ታይቷል።" ከዚያ ግንባሯን በእጁ ጀርባ ነካና ፊቱ ተለወጠ። "እርስዎም ታመዋል። መቼ ጀመረዎት?"

"ዛሬ" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ ወደ መሬት እያየች፣ "አራተኛ ቀኔ ነው" አለች።

ደምለው አልተቆጣትም። ቢቆጣት በተሻላት ነበር።

"እርስዎ ይተኛሉ። ሌላም ነፍሰ ጡር ቤት አይገቡም" አለ። "ልጅዎን ቀንም ሌትም ቀና አድርጎ የሚይዛት ብርቱ ሰው ያስፈልጋል። ያልታመመ ሰው ብናስገባ ይይዘዋል። ከዚሁ ሳል የዳነ ነው የሚሻለው፤ አንድ ጊዜ የታገለው ሰውነት በሽታውን በመልኩ ያውቀዋል፣ በቀላሉ አይደፈርም። እንደዚያ ያለ ሰው ያውቃሉ?"

የፈንታነሽ ቤት ሰዎች ሐዘን ላይ ናቸው። የየኔታ ተማሪዎች ሴት አያስታምሙም። ይርጋነሽ ሌላ ስም ፈለገች፣ ፈለገች፤ የመጣላት አንድ ብቻ ነው። ያንን ስም ከምትጠራ ምላሷ ቢቆረጥ ትመርጥ ነበር። ከኋላዋ የሰብለ ትንፋሽ እንደ ፈንታነሽ ትንፋሽ፣ እንደ እናቷ ትንፋሽ፣ ዳገት ይወጣል።

እየወደቀች እየተነሣች ተረተሩ ሥር ደረሰች። ማናለሽ ነገሩን ሰምታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"እኔ ከገባሁ አንቺ ትወጫለሽ።"

"እወጣለሁ።"

"ይህ ዓይኔስ?"

ይርጋነሽ አንገቷን ደፋች። "ይዘሽው ግቢ።"

አምስት ቀን ይርጋነሽ ማድቤቱ ውስጥ በአጎዛ ላይ ተኛች። እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም። በማድቤቱና በቤቱ መካከል ያለው ግድግዳ ስንጥቅ ነበረው፤ ዓይኗን ከዚያ አላነሣችም። ማናለሽ መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ ሰብለን ከደረቷ ላይ አስደግፋ፣ እንዳትጋደም አቅፋ ይዛለች። ማር የገባበት ውሃ በማንኪያ ታጠጣታለች፤ ጨርቅ ነክራ አንገቷን ታቀዘቅዛለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ይርጋነሽ "ድግምት ነው!" ብላ በጉልበቷ ተነሥታ ጆሮዋን ስንጥቁ ላይ ለጠፈች።

"አንተ" ትላለች ማናለሽ ለሆዱ፣ "ቦታ ልቀቅላት እንጂ! እግርህን ከሳንባዋ ላይ አንሣ። እንደ አያትህ በር ዘግተህ ልትፈጃት ነው?"

ሰብለ ትኩሳት ውስጥ ሆና ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት። ይርጋነሽ ተመልሳ ተኛች። ደግሞ ተነሥታ አየች።

ደምለው በየቀኑ ይመጣል፣ ያዳምጣል፣ ይሄዳል። በአራተኛው ቀን የሰብለ ከንፈር ጠቆረ። ይርጋነሽ አየችው። ወጥታ ደጃፉ ላይ ደረሰች፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ወደ መደቡ ሁለት እርምጃ ነው። ልጇን መቀማት፣ ማናለሽን በፀጉሯ ይዛ ማስወጣት ፈለገች። የማናለሽ ክንድ ግን ከድካም እየተንቀጠቀጠም ሰብለን ቀና እንዳደረገ ነበር፤ ይርጋነሽ ያንን ክንድ አየች። ጥርሷን ነክሳ ደጃፉ ላይ ቀረች፣ የመድረኩን ድንጋይ ጨብጣ።

በማግሥቱ፣ ፀሐይ በተከፈተው በር ስትገባ፣ የሰብለ አንገት በላብ ረጥቦ ነበር። ዓይኗን ገለጠች። "ሽሮ የለም ወይ?" አለች።

ይርጋነሽ ስንጥቁ ሥር ቁጭ አለችና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች።

ታኅሣሥ ላይ ተሽሏት እንደገና ወደ ምጥ ቤት ይጠሯት ጀመር። ሰዉ የገረመው ግን አዲስ ልማዷ ነው። እንደ ደረሰች አትገባም። አጥሩ ሥር ትቆማለች፣ ረዥም ትንፋሽ ትስባለች፣ ግንባሯን በእጇ ጀርባ ትነካለች፣ ውሃ አስመጥታ እጇን ትታጠባለች። "ምን እየጠበቁ ነው እመይቴ?" ሲሏት "እሷን እየመረመርሁ ነው" ትላለች፤ እሷ ማለት ራሷ ናት።

ሰብለ በጥር ሴት ልጅ ወለደች። እትብቱን የቆረጠችው ይርጋነሽ ናት። ሴቶቹ ዕልል ብለው ሳይጨርሱ ማናለሽ አዲስ ድስት ታቅፋ አጥሩ ሥር ቆመች፤ አልገባችም።

"ይህንንም ድመት እንዳትሰብረው" አለች። "ሰብለ ነግራኛለች። ድመት የላችሁም አሉ።"

"ግቢ እንጂ፣ ምን ያቆምሻል!"

ማናለሽ ስትገባ ዕልልታው ቀነሰ። መደቡ ዳር ከተቀመጡት ሴቶች አንዷ ቀስ ብላ ነጠላዋን በሕፃኗ ፊት ላይ ሳብ አደረገች። ሌላ ሰው ላያየው ይችል ነበር፤ ይርጋነሽ ግን እንዲህ ያለውን ለማየት ነው ዕድሜዋን የፈጀችው። ማናለሽም አይታ ነበር፤ ድስቱን ታቅፋ እዚያው ደጃፉ ላይ ቀረች።

ይርጋነሽ ተነሣች። አርባ ዓመት የኖረ ፍርሃት ባንድ ኅዳር ከሰው አይወጣም፤ እሷ ግን ነጠላውን ከልጅቷ ፊት ገለጠችው፣ ሕፃኗን አነሣቻት፣ ድስቱን ከማናለሽ ክንድ ተቀብላ ልጅቷን በቦታው አስታቀፈቻት።